የሶስና ሹሩባ

ሶስና ባለፈው ጥር ስትዳር ሹሩባዋን የሠራቻት እናቴ ነች። ሙሽራዋን በጉልበቶቿ መሃል አስቀምጣ፣ ሚዶውን በጥርሷ ነክሳ፣ ፀጉሯን ዘለላ በዘለላ እየከፈለች ስትጎነጉን እኔ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ መድኃኒት ቤት የምሠራ፣ ነጭ ጋዋን ለብሼ ሽማግሌውን ሁሉ «ከምግብ በኋላ ነው የሚወስዱት» እያልኩ የማዝዝ ሴት ነኝ። እንዲያም ሆኖ ቀናሁ። ለወጉ ያህል አይደለም፤ የምሬን ነው የቀናሁት።

ከዚህ ቅናት ጋር የቆየ ትውውቅ አለን። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ በእሱ ምክንያት እናቴን ላጠፋት ትንሽ ነበር የቀረኝ። ያን ጊዜ ግን የማስመልሳት ነበር የሚመስለኝ።

የምንኖረው ገሳይ ነበር፤ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የጉና ብርድ በማይጠፋባት ከተማ። እናቴ አሰለፈች አረቄ ታወጣ ነበር። የጭነት መኪና ሾፌሮች ሳይቀሩ ቤታችንን ያውቁታል። ጥሩ አረቄ አውጪ ሳትቀምስ አትሸጥም፤ ከሸምበቆው ጫፍ የሚንጠባጠበውን የመጀመሪያውን በመዳፏ ተቀብላ ትቀምሳለች፣ መሃል ላይ ትቀምሳለች፣ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ቀጥኖ እንደሆነ ለማወቅ ትቀምሳለች። እኔ በዚህ እኮራ ነበር። መዳፏን ልሳ ዓይኗን ጨፈን ስታደርግ አስተማሪያችን የፈተና ወረቀት ሲያርም የሚያሳየው ዓይነት ፊት ነበራት። ከሰዓት በኋላ ራሷን ያማታል። ሰው ሲመጣ «እማ ራሷን አሟት ተኝታለች» እላለሁ፤ ትልልቆቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ያዘኑላት ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ፈንታሁን የጭነት መኪና ረዳት ነበር። መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ወልድያ ማደር ጀመረ። ቀጥሎ ቅዳሜና እሑድ ሆነ። ቀጥሎ ልብሱን ሊወስድ ብቻ መጣ፤ እዚያ ሌላ ሚስት እንዳለችው፣ ሴት ልጅም እንደወለደችለት የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ከዚህ ሁሉ የተማርኩት አንድ ነገር ነበር፤ ሰው ከቤት የሚጠፋው ቅዳሜ ቅዳሜ እያለ ነው።

የዚያን ዓመት የከተራ ዕለት ቀትር ላይ እናቴ ለጥምቀት ፀጉሬን ልትሠራኝ ተቀመጠች። እኔ ቀዥቃዣ ልጅ ነበርኩ፤ ሁለት ዘለላ ሳይጎነጎን ተነሥቼ ዶሮ ማባረር የሚያምረኝ። ሹሩባው አልቆ ማጅራቴን በምላጭ ስታስተካክል ይመስለኛል የሆነው። ከዚያ በፊት ያለውን አላስታውስም፤ የማስታውሰው ጆሮዬ ሥር ትኩስ ነገር ሲፈስ ነው። እጄን ብሰድ ደም። እናቴ ፊቷ አመድ መስሎ፣ በነጠላዋ ጆሮዬን አፍና፣ «ተንቀሳቀስሽ! አርፈሽ ተቀመጭ ብዬሽ አልነበረም?» አለችኝ። አዎ፣ ተንቀሳቀስኩ አልኩ። ቀዥቃዣ መሆኔን አገር ያውቀዋል፤ የምክድበት ምክንያት አልነበረኝም።

አንድ ሾፌር ጋቢና ውስጥ አሳፍሮ ደብረ ታቦር ሆስፒታል አደረሰን። የሰፋችኝ ነርስ ሲስተር ሠናይት ትባላለች፤ ረጅም፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ። ምላጩን ማን እንደያዘ ጠየቀች። እናቴ ተንቀሳቅሳብኝ ነው አለች። ነርሷ ጆሮዬን ትታ ወደ እናቴ ጠጋ አለችና ፊቷን ፊቷ አጠገብ አድርጋ ትንሽ ቆየች። ምሥጢር የምትነግራት መስሎኝ ነበር። ዛሬ እኔም ከመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ጀርባ አልፎ አልፎ እንደዚያ ጠጋ እላለሁ፤ ትንፋሽ ለማሽተት ነው።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ወስዳ በሹክሹክታ ብዙ ነገር አለቻት። የደረሰኝ ቁርጥራጩ ነው፤ አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት፣ ሰው ከጠየቀሽ የጽዋ ማኅበር ነው በይ። በመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ አንድ ነገር ጻፈችላት፤ እናቴም አጣጥፋ በመቀነቷ ቋጠረችው። የጆሮዬ መድኃኒት መስሎኝ እስኪገዛልኝ ብዙ ሳምንት ጠበቅሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ፀጉሬን መንካት ተወች። ሚዶውን ይዤ ብሄድ እጄ ደክሟል ትለኛለች። አልንቀሳቀስም ብዬ በእመቤቴ ስም ምዬላት ነበር፤ ፊቷን አዙራ ወደ እትዬ ጌጤ ቤት ላከችኝ። እትዬ ጌጤ አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ነች፤ እሷም አረቄ ታወጣለች፤ ፀጉር ስትሠራ ጌሾ የምትወቅጥ ነው የሚመስላት። እያለቀስኩ የምሠራው ሹሩባ ቅጣቴ መሆኑን ተረዳሁ። የተንቀሳቀሰ ልጅ የእናቱን እጅ ያጣል።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ሁለተኛው ቅዳሜ እናቴ ገላዋን ታጥባ፣ የታጠበ ነጠላ ለብሳ፣ ሚኒባስ ተሳፍራ ደብረ ታቦር ሄደች። ለማኅበር ነው አለችኝ። በሳምንቱም ሄደች። በሌላው ሳምንትም። ማኅበር በወር አንድ ጊዜ በጻድቁ ወይም በመልአኩ ቀን የሚጠጣ መሆኑን ልጅም ያውቃል፤ እትዬ ጌጤ ደግሞ ዝም የምትል ሰው አይደለችም። ፀጉሬን እየነጨች፣ በየሳምንቱ ጽዋ የሚያስነሣው ታቦት የትኛው እንደሆነ እኔን ትጠይቀኛለች። እኔ ምን አውቄ። የማውቀው አባቴ በቅዳሜ መጀመሩን ነው።

በእነዚያ ሳምንታት ቤታችን ተለወጠ። እናቴ ጋኑን ሸጠች፤ ሸምበቆውን ሰብራ እሳት ውስጥ ከተተችው። መጀመሪያ ሰሞን ትንቀጠቀጥና ያልባት ነበር፤ ብርድ ልብስ ደራርቤላት ወባ ይዟት ነው ለሚጠይቀኝ ሁሉ እል ነበር። የገሳይ ብርድ ወባ እንደማያኖር ያወቅሁት አድጌ ነው። ቀስ በቀስ መብላት ጀመረች። ዳቦ እየጋገረች፣ ድንች እየቀቀለች ለመንገደኛ ትሸጥ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ራሷን አያማትም። ይህ ሁሉ ደስ ሊለኝ ሲገባ እኔን አስፈራኝ። አባቴም ሊሄድ ሰሞን ደስ ብሎት ነበር፤ ያፏጭ ነበር።

ማስረጃ መሰብሰብ ጀመርኩ። ቅዳሜ ማታ ስትመጣ እጇ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ የወጥ ቅቤ ሳይሆን የራስ ቅቤ። ነጠላዋ ላይ ረጅም፣ ለስላሳ ፀጉር አገኘሁ። የእኔ ፀጉር አጭርና ከርዳዳ ነው። ከደረቷ ውስጥ ደግሞ ጥቁር ክር አለ፤ በየቅዳሜው አንድ ቋጠሮ ይጨመርበታል። ምን እንደሆነ ብጠይቃት ቀን መቁጠሪያዬ ነው አለች። የሚቆጠረው እስከ መቼ ነው ስላት ፈገግ አለችና፣ «ማለቂያ የለውም፤ እንዲሁ መቁጠር ነው» አለች። እኔ ግን የምትሄድበትን ቀን እየቆጠረች እንደሆነ ቁርጥ አድርጌ አወቅሁ።

መጋቢት ላይ አንድ ቅዳሜ እትዬ ጌጤ ለቅሶ ስለሄደች እናቴ እኔን የምትተውበት ሰው አጣችና ይዛኝ ሄደች። ሲስተር ሠናይት ቤት ከገበያው ጀርባ ነው፤ ቆርቆሮ በር፣ ሰፊ ግቢ፣ አንድ የኮክ ዛፍ። ትልልቆቹ ክፍሉ ውስጥ ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት። እኔ ኮኩ ሥር ቀረሁ።

ብቻዬን አልነበርኩም። ሶስና ነበረች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እስከ ወገቧ የሚደርስ፣ ነጠላው ላይ ካገኘሁት ጋር አንድ የሆነ ፀጉር አላት። ቆሎ በእጇ ሞልታ ብዪ አለችኝ፤ ተቀብዬ ለዶሮዎቹ በተንኩት። አልተቆጣችም። አለመቆጣቷ ይበልጥ አናደደኝ።

በመስኮቱ የሚወጣውን ወሬ ጆሮዬን አቁሜ አዳመጥኩ። መሪጌታ ገብረሥላሴ የሚባሉ ትልቅ ሰው፣ ቅኔ አስተማሪ፣ እንደ ልጅ እየተንሰቀሰቁ ሠላሳ አንድ ቀን ሆነኝ ሲሉ ሰማሁ። ይህን ያህል ቀን የታመሙ መስሎኝ አዘንኩላቸው። ሌላ ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ለውጦ በእነ እገሌ በር እንዳላለፈ ተናገረ፤ ሁሉም እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። መንገድ መለወጥ ምን የሚያስመሰግን ነገር እንዳለው አልገባኝም። አንድ ነገር ግን በደንብ ገባኝ፤ መሪጌታው ለአዲስ ሰው ደንቡን ሲያስረዱ ነው። ወደዚህ ቤት መጠጥ ይዞ የመጣ፣ ቢቀምስም ባይቀምስም፣ ክሩን በሁሉ ፊት ይፈታል አሉ። ቀጥሎ ያሉትን በር ተከፍቶ አልሰማሁም። የሰማሁት ይበቃኝ ነበር።

እናቴ ወጣችና ዱካ ላይ ተቀመጠች። ሶስና ሳትጠራ መጥታ በጉልበቶቿ መሃል ቁጭ አለች፤ እንደለመደ ሰው፣ እንደቤቷ። ቅቤው ከጎን ተቀምጧል። እናቴ እጆቿን አንድ ጊዜ ዘርግታ አየቻቸውና ጎንበስ ብላ መሥራት ጀመረች። ዝግ ብላ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ ዘለላ በዘለላ። እጄ ደክሟል ያለችኝ እጅ ነው ይህ። ዓይኔ ደም ለበሰ። ሲስተር ሠናይት በሩ ላይ ቆማ እንዴት ነው ስትላት እናቴ ቀና ብላ፣ «ይህች ልጅ እንዴት አርፋ ትቀመጣለች» አለች።

ከዚያ በላይ ምን ትበለኝ። አርፋ የምትቀመጥ ልጅ አግኝታለች። አባቴም ወልድያ ላይ እንዲህ ያለችዋን ሳያገኝ አልቀረም።

ሶስና የሲስተር ሠናይት የወንድም ልጅ እንደሆነች፣ አባቷ ሙሉቀን ከአረቄ ቤት ሲመለስ ከመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ሞቶ እንደተገኘ፣ አክስቷም ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰበውን ሰው መሰብሰብ የጀመረችው በወንድሟ ሐዘን ማግሥት እንደነበር ያን ጊዜ የነገረኝ የለም። ቢነግረኝም የምሰማ አልነበርኩም።

ማኅበር መስለው የሚሰበሰቡት ለጎረቤት ዓይን ብቻ አልነበረም። ጽዋ ለምዶ ያደገ ሰው ባዶ እጁን ተቀምጦ ማውራት ይከብደዋልና ማኅበሩን እንዳለ ጠላውን ብቻ አውጥተውለት ነበር። ዳቦ ይቆረሳል፤ ጸሎት ይደረጋል፤ ጽዋው ግን ብርዝ ነው፤ ያልፈላ፣ የዕለቱ የማር ውሃ። ተረኛው ከቤቱ አዘጋጅቶ ይመጣል። በአሥራ አራተኛው ቋጠሮ ጽዋው ለእናቴ ደረሰ። ሳምንቱን ሙሉ በእግሯ የምትሄድ አትመስልም ነበር። ማሩን ከይፋግ በሚመጣ ሰው አስመጣች፤ ድፎውን ዓርብ ጋገረች፤ ቅዳሜ ጠዋት ማሩን በጥብጣ በትንሿ ቢጫ ጀሪካን ሞላች። በዚያች ቀን እኔም እንድሄድ፣ ዳቦውን እንድይዝላት ነገረችኝ። ለእነሱ ስትደግስ ለእኔ የተረፈኝ ተሸካሚነት ነው አልኩ በሆዴ።

ልብሷን ልትቀይር ወደ ጓዳ ስትገባ በአጥሩ ሾልኬ እትዬ ጌጤ ጋ ሄድኩ። እማ ትንሽ አረቄ ስጪኝ ብላለች አልኳት። ፊቷ በራ።

«ይኸው! ብዬ ነበር እኮ። እስኪ ከዚህ የት ትደርሳለች» አለችና ጠርሙሱን እስከ አንገቱ ሞላችልኝ።

ሁሉንም ጀሪካኑ ውስጥ ገለበጥኩት። እጄ ላይ ፈሰሰ፤ ቀሚሴ ላይ ጠረግሁት። ዕቅዴ ቀላል ነበር። ሰዎቹ ይጠጣሉ፤ አረቄ መሆኑን ያውቃሉ፤ በደንባቸው መሠረት እናቴን ያባርሯታል። ሶስና ሌላ ፀጉር ሠሪ ትፈልግ። እናቴ ወደ ቤቷ፣ ወደ እኔ ትመለሳለች። አንድ ነገር ረሳሁ፤ ያውም በየቀኑ ሳየው ያደግሁትን። በእኛ አገር የሚቀዳ ሰው ለእንግዳው ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ራሱ ይቀምሳል።

አሥራ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ግድግዳውን ተጠግተው ተቀምጠዋል። እኔና ሶስና ዳቦ እንድናዞር ተፈቅዶልን በሩ አጠገብ ቆመናል። መሪጌታ ባረኩ። እናቴ ብርዙን በጆግ ገልብጣ፣ ቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ በግራ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች። ወደ አፏ ወሰደችው።

እዚያ ላይ ቆመች።

መዳፏ ከከንፈሯ አንድ ጣት የሚርቅ አይመስለኝም። እኔ የማየው ጀርባዋን ነው፤ ትከሻዋ አይነቃነቅም። ምን ትጠብቃለች እያልኩ ነበር። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወሬያቸውን አቆሙ። ከከተራው ዕለት ወዲህ የመቶ ሁለት ቀን ጥም በዚያች መዳፍ ላይ ተጠራቅሞ እንደነበር፣ ያችን ጠብታ ብትልስ ማንም እንደማይቆጥርባት፣ ጆጉም ሙሉ እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። አንዳንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ ያ ጀርባ ትዝ ይለኝና የያዝኩትን መድኃኒት አስቀምጬ እቆያለሁ።

«አሰለፈች፣ ምነው?» አሉ መሪጌታ።

መዳፏን ገለበጠችው። መሬቱ ላይ ፈሰሰ።

«ይህ አይጠጣም» አለች። «አረቄ አለበት።»

አንድ ወጣት ሰው ዘሎ ተነሣና መስኮቱን ከፍቶ አንገቱን ወደ ውጭ አወጣ። ሲስተር ሠናይት ጆጉንና ጀሪካኑን ይዛ ወጣች፤ ቦዩ ውስጥ ሲንዶቆዶቅ ይሰማል። መሪጌታ ማን እንደጨመረው ጠየቁ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ፍርሃት ነበረበት። እናቴ ዞር አለች። ቀሚሴን አየች፤ እጄን አየች፤ ዓይኔን አየች። ከዚያ ወደ እሳቸው ተመለሰች።

«እኔ ነኝ» አለች።

ሰዎቹ መሬት መሬት አዩ፤ እንደወደቀች ሁሉም አመኑ። ሲስተር ሠናይት ተመልሳ አንድ ነገር ልትል ስትል እናቴ በእጇ አቆመቻት። ክሩን ከደረቷ አወጣችና መፍታት ጀመረች። አሥራ አራት ቋጠሮ ቶሎ የሚፈታ ነገር አይደለም። በጥፍሯ፣ እንቢ ሲላት በጥርሷ፣ አንድ በአንድ። እጇ አልተንቀጠቀጠም። እንባዋ ግን አገጯ ላይ ወርዶ ክሩን ያርሰው ነበር፤ የራሰ ቋጠሮ ደግሞ ይበልጥ ይጠብቃል።

እኔ ምን እንደተሰማኝ ልናገር ካልኩ እውነቱን መናገር ነው፤ ደስ አለኝ። ተባረረች፣ የእኔ ሆነች አልኩ።

ሶስና እጄን ያዘችኝ። ጎትታ ወደ ግቢ አወጣችኝና የውሃ ባልዲው አጠገብ አጎንብሳ ሁለቱንም እጆቼን በሳሙና ታጥብልኝ ጀመር። ጣቶቼን ለያይታ፣ ጥፍሮቼን ሳይቀር። ቀሚሴንም በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው። ያን ሽታ ከእኔ ቀድማ፣ ከአባቷ ልብስ ላይ የምታውቅ ልጅ ነበረች። ለምን እንደምታጥበኝ ገባኝና ጠላኋት። ከእናቴ ቀጥላ ደግሞ ነውሬንም ልትወስድብኝ መሰለኝ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እናቴ ጭን ላይ ራሴን ጣል አደረግሁ። እጇን ራሴ ላይ አሳረፈች፤ እስከ ገሳይ ድረስ አላነሣችውም። በእትዬ ጌጤ በር አላለፍንም፤ በእንስሳት ሐኪሙ ቤት ጀርባ ዞረን ገባን። ቤት እንደደረስን በሩን ዘጋች። አልተቆጣችኝም፤ አልጠየቀችኝም። ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ አጠገቧ ጠራችኝ።

«አዲሴ፣ ዛሬ የትም እንዳትሄጅብኝ። እዚሁ አጠገቤ ሁኚ» አለች።

ወገቧን አቅፌ አመሸሁ። ሽንቴ ሲመጣ እንኳን ቶሎ ብዬ ነው የምመለሰው። ጀግና ነበርኩ፤ አሸንፌ ያመጣኋትን እናቴን የምጠብቅ። እውነትም ስጠብቅ ነበር፤ ከምን እንደሆነ ነው ያላወቅሁት። ከአጥሩ ወዲያ እትዬ ጌጤ ሁለት ጊዜ ተጣራች። እናቴ ሁለቱንም ጊዜ ይበልጥ ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ገላዋን ታጥባ የታጠበ ነጠላ ለበሰች። አላባረሩሽም እንዴ አልኳት። ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ከዚያ ቤት ማንም አይባረርም፣ የፈታ ከአንድ ይጀምራል አለችኝ። ያን ቀን በር ተከፍቶ ያልሰማሁት ይህን ኖሯል። እኔንም ይዛኝ ሄደች፤ ከዚያም በኋላ በየቅዳሜው። መሪጌታ ክሯ ላይ አንድ ቋጠሮ ሲቋጥሩ ሁሉም አጨበጨቡ፤ አንዲት ቋጠሮ እንዲህ የምታስጨበጭብበት ምክንያት አልገባኝም ነበር።

ለቡሄ ሶስናን ሠርታ ስትጨርስ ሚዶውን ጠረገችና ነይ አለችኝ። ተቀመጥኩ። እግሬ እስኪደነዝዝ፣ ትንፋሼን እየቆጠብኩ፣ ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ሲያርፍ እንኳን ሳላባርር ተቀመጥኩ። አልተንቀሳቀስኩም አይደል አልኳት ሲያልቅ። ተነሥታ ወደ ጓሮ ሄደች፤ ዓይኗን ታጥባ ነው የተመለሰችው። ቅቤው ዓይኗ ገብቶ ነው አልኩ።

ባለፈው ጥር፣ ሙሽራዋ ሹሩባዋ አልቆ ብድግ አለች። አጠገቤ ስትደርስ ፊቴን አይታ ሳቀች፤ ታውቀኛለች። መጀመሪያ ሰሞን የእናቴ እጅ ሲንቀጠቀጥ ሚዶው ራሷን እያደማው እንደነበር፣ እናቴም ይቅርታ እየጠየቀቻት «ለአዲሴ እስክበቃ ቻይኝ» ትላት እንደነበር በጆሮዬ ነገረችኝና ወደ ሚዜዎቿ ሄደች።

አሥራ አምስት ዓመት የቀናሁት በዚህች ልጅ ነው።

እናቴ ከበርጩማው ሳትነሣ ነይ አለችኝ። አዲሱን የሐበሻ ቀሚሴን ሰብስቤ ምንጣፉ ላይ፣ ሶስና በተነሣችበት ቦታ ቁጭ አልኩ። ጀርባዬን ቀጥ፣ አንገቴን ቀጥ፤ ልማድ ነው። ሚዶው ፀጉሬ ውስጥ ሲገባ ያን ሁሉ ዓመት የያዝኩትን አወጣሁት።

«እማ፣ ብርዙ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች። «የጌጤ ነበር። ጌሾ ታበዛለች።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አልሽ? አሥራ አራት ቋጠሮ እኮ ነው የፈታሽው።»

ሚዶው ቆመ። ጣቷ ከጆሮዬ ጀርባ መጥቶ ጠባሳውን አገኘው፤ ከዳር እስከ ዳር ሄደበት።

«ከዚያ በፊት የእኔን ጥፋት አንቺ ላይ ጥዬው ስለነበር ነው። ተንቀሳቀስሽ ያልኩሽ ዕለት» አለች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አልተንቀሳቀስሽም፣ ልጄ። እግሬ መሃል ተኝተሽ ነበር።»